የሚጮኸው በር ለላይብረሪ ያዋጣል? የሞከራችሁ ንገሩኝ

መደርደሪያ7

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ ነው፣ ክልል ላይ። ስሙን ተዉት። ወደ 18,000 መጽሐፍ አለን። ባለፈው ሰኔ 30 ቆጠራ ስናደርግ 611 መጽሐፍ ጎደለ። 611! የጎደለው ደግሞ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠው አይደለም፤ ነርሲንጉ፣ ፋርማኮሎጂው፣ አካውንቲንጉ ነው። የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ከ2015 ወዲህማ እነዚህ መደርደሪያዎች ጥርሱ የወላለቀ ሰው መስለዋል።

አሁን ያለንን አሠራር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተማሪው ቦርሳውን በር ላይ አስቀምጦ ቁጥር ይቀበላል፣ ሲወጣ ጥበቃው ይፈትሸዋል። ጥበቃችን ጋሼ ጎበዝ ናቸው፣ ግን አንድ ሰው ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ 60 ተማሪ በአንዴ ሲወጣ ጃኬት ውስጥ የገባውን መጽሐፍ በምን ዓይናቸው ያዩታል? ሴቶቹንማ ጭራሽ አይነኩም።

አሁን አስተዳደሩ "ሱፐርማርኬት ውስጥ እንዳለው የሚጮኽ በር እናስገባ" ብሎ ተነሥቷል። ሁለት ፕሮፎርማ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አንዱ አቅራቢ ማግኔቲክ ስትሪፕ ይላል፣ ሌላው አርኤፍአይዲ። ሁለቱም "የእኛ ይሻላል" ከማለት በቀር አንድም ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል? ደግሞስ እውነት ሌባ ይይዛል ወይስ ለማስፈራሪያ ነው? ሻጭ የሆናችሁ እባካችሁ እለፉኝ።

ክራር መቺው

ወንድሜ፣ ሻጭ አይደለሁም፤ ኤሌክትሪካል ነው ያጠናሁት፣ ይሄን ነገር ደግሞ እወደዋለሁ። "የሚጮኸው በር" አንድ ዕቃ አይደለም። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ሁለት ዓምድ ነው። ውስጡ ግን ብዙ ዓይነት ነው፣ የአንዱን ታግ (ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ምልክት) የሌላው በር አያየውም።

ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታየው ሁለቱን ነው። አንደኛው በ8.2 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ነው። ስቲከሩን ስትገለብጠው እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ ስስ ብረት ታያለህ፣ ፊቱ ላይ አንዳንዴ ለማስመሰል ባርኮድ ይታተምበታል። ሁለተኛው በ58 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። ሽቶና ክሬም ዕቃ ላይ የሚለጠፈው፣ ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ። ይቺን ነው የምወዳት። ውስጧ ወረቀት የመሰለ ብረት በነፃነት ተቀምጧል፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ማግኔት የሆነ ብረት አለ። በሩ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ምልክት ይልካል፣ መሀል ላይ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ክራር መትተህ ጣትህን ስታነሣ ገመዱ ትንሽ እየጮኸ ይቆይ የለ? በሩ የሚሰማው ያንን የቀረውን ድምፅ ነው። ካሸሩ ጠረጴዛው ላይ ዳበስ ሲያደርጋት የማግኔቱ ኃይል ይጠፋል፣ ክራሩ ከቅኝቱ ይወጣል፣ በሩም አያውቃትም። በቃ ይኸው ነው።

አንተ የቀረበልህ ማግኔቲክ ስትሪፕ ደግሞ ሌላ ነው። የሱቅ ስቲከር አንዴ ከሞተ እንዲነሣ አይፈለግም። መጽሐፍ ግን ወጥቶ ይመለሳል፣ ስለዚህ ስትሪፑ የሚተኛና የሚነቃ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስታውሰው ታስተኛዋለህ፣ ሲመለስ ትቀሰቅሰዋለህ። ስሪ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው "ታትል ቴፕ" ብሎ ያስፋፋው፤ ታትል ማለት ማሳበቅ ነው፣ አሳባቂው ቴፕ እንደ ማለት። ስሙ ራሱ ያስቀኛል።

አርኤፍአይዲ ቺፕ ነው፣ ለላይብረሪ በብዛት በ13.56 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሌሎቹ ታጎች "አለሁ" ብቻ ነው የሚሉት፣ እሱ ግን "እገሌ ነኝ" ይላል። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው፣ የዋጋውም ልዩነት ከዚህ ይመጣል።

መብራት ሲጠፋ በሩ ሁለት ዓምድ ብረት ነው። ምንም አያደርግም። ዩፒኤስ ላይ አድርገው። አንድ ነገር ግን የአርኤፍአይዲውን አቅራቢ አፋጥጠህ ጠይቀው፦ በሩ መጽሐፉ በአግባቡ መውጣቱን የሚያውቀው ቺፑ ላይ ከተጻፈ ምልክት ነው ወይስ ሰርቨር ጠይቆ ነው? ሰርቨር ጠይቆ ከሆነ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ተበላህ። ቺፑ ላይ የሚጽፈውን ያዝ።

መደርደሪያ7

እህትህ ነኝ 😄 ግን በጣም አመሰግናለሁ። ከሁለቱ ሻጮች ይልቅ ያንተ ክራር ገብቶኛል። የእኛ ኔትወርክ ነገር አይወራም፣ ስለዚህ ያልከውን ጥያቄ ዛሬውኑ በኢሜይል ልኬዋለሁ። አንዱ "እንነጋገርበታለን" አለኝ። እንግዲህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ማዶ

እዚህ ሜሪላንድ ልብስ ቤት ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። "እውነት ሌባ ይይዛል?" ላልሽው እኔ ልመልስልሽ።

በሩ ሲጮህ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ነው። ካሸሯ አምስት ሱሪ ስታስከፍል የአራቱን ታግ አውጥታ አንዱን ትረሳለች። ወይ ደግሞ ሰውየው ሌላ ሱቅ የገዛው ጃኬት ውስጥ ያልሞተ ታግ አለ። አንዳንዱን ልብስ ፋብሪካው ራሱ ታጉን ውስጡ ሰፍቶ ይልከዋል፤ ትንሽዬ ነጭ ጨርቅ፣ "ከማጠብዎ በፊት ያውጡ" የሚል ተጽፎባት። ያንን ልብስ እንደዚህ ዓይነት በር የሌለው ሱቅ ከሸጠው ማን ያጠፋዋል? ማንም። ደንበኛው ለብሶት የገባበት ሱቅ ሁሉ ይጮህበታል፣ ምስኪን ምን እንደነካው አያውቅም። እና በቀን ውስጥ ስንቴ ይጮሃል መሰለሽ፣ ከጊዜ በኋላ ቀና ብሎ የሚያይ ሠራተኛ የለም። የፍሪጅ ድምፅ ሆነብን እኮ።

ስልጠና ላይ የተነገረን አንድ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ በፈረንጆቹ፣ አክሮን ኦሃዮ ውስጥ ሮን አሳፍ የሚባል የሱፐርማርኬት ማናጀር ወይን ሰርቆ የወጣ ሰው በሩጫ ሲያባርር አመለጠው። ተናዶ "ይሄን የሚከላከል ነገር የሠራ ሰው ሀብታም ይሆናል" አለ፣ ቆይቶም ሴንሶርማቲክ የሚባለውን ትልቁን የታግ ኩባንያ መሠረተ። የሚገርመው፣ ያኔ ማናጀሩ ሌባ እየተከተለ ሮጧል፤ ዛሬ እኛ ሌባ ከተከተልን ከሥራ እንባረራለን። ደንቡ ነው። ሰው ይጎዳል፣ ኩባንያው ይከሰሳል። የሚፈቀድልን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ "ይቅርታ፣ ታጉን ማውጣት ረስተን ይሆናል፣ ልየው?" እምቢ ብሎ ከሄደ ሄደ።

ቆርጦ የመጣ ሌባ በሩን አይፈራውም፣ ቆሞ እንደማይጠብቀው ያውቃል። በሩ የሚመልሰው ልቡ እያመነታ ያለውን ነው፤ ያ ደግሞ ቀላል ቁጥር አይደለም፣ አትናቂው። የባሰበት ቦታማ ታጉንም ትተውታል፤ እዚህ አካባቢ ፋርማሲ ሄደሽ የጥርስ ሳሙና ከፈለግሽ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ደወል ተጭነሽ ቁልፍ የያዘ ልጅ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ።

ስለዚህ ምክሬ፦ በሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሲጮህ ማን ይነሣል፣ ምን ይላል የሚለውን ጻፉት።

ስደት ላይ ነኝ

ስለ "ምን ይላል" ካነሣችሁ አይቀር እኔም ልናገር። ገልፍ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አንድ ቀን ከማዳም ጋር ሞል ሄደን ነበር። እኔ ልጁን በጋሪ እገፋለሁ፣ እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች። በሩ ጋ አንድ ላይ ስናልፍ ጮኸ። ጥበቃው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ወደ እሷ ዞር ብሎ እንኳን አላየም። ቦርሳዬን ገለበጠው፣ የልጁን ዳይፐር ሳይቀር አንድ በአንድ አወጣ፣ ሰው ቆሞ ያያል። ምንም የለም። ከዚያ ለብቻዬ በበሩ እንዳልፍ አደረገኝ። አልጮኸም። ማዳም ስታልፍ ጮኸ። እሷ የያዘችው ከረጢት ውስጥ ጫማ ነበር፣ ከፍላበታለች፣ ካሸሩ ነው የረሳው። ሳቀች። ጥበቃውም አብሮ ሳቀ። እኔ ዳይፐሩን ከመሬት እየለቀምኩ ነበር።

እህቴ፣ ያ በር ማንን እንደሚጮህበት አያውቅም፣ የሚመርጠው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው። ተማሪዎችሽን እንዲህ እንዳታደርጊያቸው።

መደርደሪያ7

እህቴ፣ ይሄን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አይዞሽ። የመጣንበት ቤት፣ የለበስነው ልብስ እየታየ እኛም በር ላይ እንደምንፈተሽ አውቃለሁ። ማስታወሻ ይዤልሻለሁ፦ ሲጮህ አንድ ሰው ሳይሆን አብረው ያለፉት ሁሉ ይመለሳሉ፣ አንድ በአንድ ያልፋሉ፣ ቦርሳውን የሚከፍተው ባለቤቱ ራሱ ነው።

የድሮ ካታሎገር

ልጄ፣ ስዊድን አገር አንድ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ሁለቱንም ሥርዓት አይቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍልሽ ነው፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

ስትሪፑን በእጄ ለጥፌዋለሁ፣ ስንት ሺህ እንደሆነ ቆጥሬው አላውቅም። ቁመቱ መጽሐፉን የሚያህል፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ነገር ነው። በሁለት በኩል ይጣበቃል። መጽሐፉን መሀሉ ላይ ከፍተሽ፣ ሁለት ገጽ የሚገናኝበት ስንጥቅ ድረስ አስገብተሽ፣ መሸፈኛ ወረቀቱን ከላይ ስበሽ ታወጪዋለሽ። በደንብ ከተለጠፈ ራስሽም መልሰሽ አታገኚውም። ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ተደብቋል። የአርኤፍአይዲው ታግ ግን የኋላ ሽፋን ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ስቲከር ነው። ተማሪው ያየዋል። ላዩ ላይ የላይብረሪውን ማኅተም ያለበት ሌላ ወረቀት ለጥፊበት፣ ግን ተደብቋል ብለሽ አትመኚ።

የስትሪፑ ጉዳት ደግሞ አለ። የሚያስተኛው ማሽን ጠንካራ ማግኔት ነው። አንዴ ከቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ጋር የነበረ ካሴት ሳላወጣ አብሬ አሳለፍኩት። ልጅቷ በማግሥቱ መጥታ "ባዶ ነው" አለችኝ። ዛሬ ካሴት የለም፣ ግን ፍላሽ አይሁን እንጂ ሃርድ ዲስክ አጠገቡ አታስቀምጪ። ሌላው፣ ስሪ ኤም ራሱ የላይብረሪ ሥራውን በ2015 በፈረንጆቹ ሸጦ ወጥቷል። ስትሪፕ አሁንም ይገኛል፣ ግን ዓለም ከሄደበት ወደኋላ የሚገባ ሰው መለዋወጫ ሲፈልግ ይቸገራል።

አሁን ወደ ድካሙ። 18,000 መጽሐፍ አለን ብለሻል። አርኤፍአይዲ ስትለጥፊ መጽሐፉን ታወርጃለሽ፣ ባርኮዱን ታነቢያለሽ፣ ታጉን ለጥፈሽ ቁጥሩን ትጽፊበታለሽ፣ ትመልሻለሽ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ስጪው። 600 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ያለ ሻይ ያለ ወሬ ብትሠሩ 75 ቀን፣ ሁለት ሰው ከሆናችሁ 38። ፕሮፎርማው ላይ ይሄ አልተጻፈም አይደል? አይጽፉትም።

አሁን ደግሞ ለምን እንደሚያዋጣ። አርኤፍአይዲን ለበሩ ብለሽ አትግዢው። ለቆጠራው ግዢው። በእጅ የሚያዝ አንባቢ አለ፣ መደርደሪያውን ዳር ዳሩን እያሳለፍሽ ስትሄጂ መጽሐፉን ሳታወጪ ይቆጥራል፣ ያለ ቦታው የገባውንም ይነግርሻል። የቫቲካን ላይብረሪ ለዓመት ቆጠራ አንድ ወር ሙሉ ይዘጋ ነበር፤ በፈረንጆቹ በ2003 አካባቢ አርኤፍአይዲ መለጠፍ የጀመሩት በዋናነት ለዚያ ነው። ሲንጋፖርማ ከእነሱም ቀድማ በፈረንጆቹ በ1998 ገብታበታለች፣ እዚያ ተዋሹ ራሱ መጽሐፉን አስመዝግቦ ይወጣል።

እንዲያው ለመሆኑ 611ዱ ጠፉ ወይስ አልተገኙም? ሁለቱ አንድ አይደለም። እኛ ጋ መጀመሪያ በአንባቢው ስንቆጥር "ጠፋ" ካልነው ውስጥ ብዙው ሁለት ሦስት መደርደሪያ ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ነበር። ተማሪ ይደብቃል እኮ! ነገ ተመልሶ ሊያነበው፣ ሌላው እንዳያገኘው፣ የአናቶሚውን መጽሐፍ ሕግ ክፍል ይሸጉጠዋል። መምህራንም አሉ። መምህር ወስዶ የማይመልሰውን መጽሐፍ የትኛውም በር አይጮህበትም፣ ፈርሞ ነዋ የወሰደው።

ደግሞ በሩ የተቀደደ ገጽ አያውቅም። ስትሪፑ ያለበትን ትቶ ምዕራፉን በምላጭ የሚወስድ ልጅ እየተራመደ ይወጣል።

መጨረሻ፦ መስኮቶቻችሁን አይተሻል? እኔ በወጣትነቴ አገር ቤት ስሠራ መጽሐፍ በበር ሲወጣ ያየሁት ትንሽ ነው።

መደርደሪያ7

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን አትሜ ለዲኑ እሰጣለሁ። 75 ቀን የሚለውን አስምሬበት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ኮሃ የሚባለውን የላይብረሪ ሶፍትዌር ነው የምንጠቀመው፣ አርኤፍአይዲው ከእሱ ጋር ይግባባል?

የድሮ ካታሎገር

ይግባባል። ማዋሻ ጠረጴዛው ላይ ያለው የታግ አንባቢ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን እንደ ኪቦርድ ጽፎ ነው ለኮሃ የሚያቀብለው። ተማሪው ራሱ እንዲዋስበት ማሽን ከፈለግሽ ሲፕ2 የሚባለውን ቋንቋ የሚናገር መሆኑን ጠይቂ። ታጉም አይኤስኦ 15693 የሚባለውን ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የተከተለ ይሁን። "የራሳችን ልዩ ታግ ነው" የሚልሽን አቅራቢ ሸኚው፣ ነገ ዋጋ ሲጨምርብሽ መሄጃ የለሽም።

አንድ ኮፒ ለዘጠና

ሁላችሁም በሩን ታወራላችሁ። እኔ ተማሪ እያለሁ ለ90 ልጅ አንድ ፋርማኮሎጂ ነበር። አንድ! ሪዘርቭ ተብሎ ለሁለት ሰዓት ይሰጣል፣ ወረፋው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። ሰርቄ አላውቅም፣ ግን የሰረቀውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ሌባም አይደለም፤ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ነው፣ መጽሐፉንም መልሶታል፣ ከተመረቀ በኋላ በመስኮት። ለበሩ የምታወጡትን ብር ለመጽሐፉ አውጡት። አምስት ኮፒ ቢኖር ማን ጃኬቱ ውስጥ ይከታል? አሁን ደግሞ ግማሹ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ አለ።

መደርደሪያ7

እውነትህን ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አምስት ኮፒ የነበረው የነርሲንግ መጽሐፍ ዛሬ አንድ ነው የቀረው። አምስቱንም እኔ ነኝ መዝግቤ ያስገባሁት። ፒዲኤፉም ቢሆን ስልኩ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ዳታ የሌለው ልጅ እንዴት አድርጎ 900 ገጽ ያንብበው?

"በመስኮት መልሶታል" ያልከው ግን እንቅልፍ ይነሣኛል።

ዲያቆን ያልሆነው

አባቶቻችን እኮ ይሄን ጉዳይ ያለ መብራት ጨርሰውት ነበር። የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ቅጠል ላይ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን" ይላል። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን። "የፋቀው" የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ ታጉን የሚልጠውንም አስበውበታል! ባትሪ አይፈልግ፣ ቅኝቱ አይጠፋ፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅ።

እርግጥ ግዝቱ የሚሠራው የሚፈራ ሰው ላይ ነው። በ1860 መቅደላ ላይ እንግሊዞቹ ብራናውን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሲወርዱ ግዝቱን አንብቦ የመለሰ አንድም ወታደር አልነበረም። ወደ 350 የሚሆነው ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። ስትወጡ ቦርሳችሁን የሚፈትሹት እነሱ ናቸው 😏

ጂንሷ የታሰረባት

ከርዕሱ ወጣሁ ይቅርታ፣ ግን ታግ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ጂንስ ይዛልኝ መጣች፣ ታፋው ላይ ያ ግራጫው ደንደን ያለ ፕላስቲክ እንዳለ። ካሸሩ ረስቶት ነው፣ ደረሰኙም አለ። ቤተሰቡ ግን ተያየ። እናቴ ቀስ ብላ "እትዬ፣ እውነት ገዝተሽው ነው?" አለቻት። አክስቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስታኮርፍ አታቆምም። ወንድሜ በፒንሳ ላውጣው ሲል ቀለም አለው፣ ይፈነዳል አሉን። ምን ላድርገው?

ሲልቨር ስፕሪንግ ማዶ

ፒንሳውን አስቀምጡ! ቀለም ያለው ዓይነት አለ፣ ሲሰበር ልብሱን የሚያበላሽ፣ እጅም ላይ ቢሆን ቶሎ አይለቅም። አዲስ አበባ እንደዚህ ዓይነት በር ያለው ቡቲክ ወይ ትልቅ ልብስ ቤት ደረሰኙን ይዘሽ ሂጂ፣ ለምኚያቸው። አክስትሽንም ይዘሻት ሂጂ፣ ደረሰኙን እሷ ታሳያቸው፣ እልኋ ይወጣላት።

መደርደሪያ7

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ስለ ሰርቨሩ ስጠይቀው "እንነጋገርበታለን" ያለኝ አቅራቢ እስካሁን አልተነጋገረም። ሌላኛው የማግኔቱ ነበር፣ ስለ መለዋወጫ ስጠይቀው ስልኩን ማንሣት ተወ። ስለዚህ ሁለቱም ፕሮፎርማ ወደቀ። ለዲኑ የጋሼን 75 ቀን አሳየኋቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ።

ከዚያ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ላይብረሪውን ለአራት ቀን ዘግተን መደርደሪያውን አንድ በአንድ በእጅ አየነው። ከ611ዱ ውስጥ 173ቱ እዚያው ነበሩ! አንዱ ፋርማኮሎጂ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አጠገብ ተገኘ፤ እኛ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት እንዳለንም አላውቅም ነበር። 88ቱ ደግሞ መምህራን ቢሮ ነው ያሉት። ሁሉም ተፈርሞባቸዋል፣ አንዳንዱ ከአራት ዓመት በፊት። ደብዳቤ ጽፈን 30 የሚሆነው ተመልሷል። ያልመለሱት እነማን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፣ ዲኑም ይሄን ሊያነቡ ይችላሉ።

350 ቀረ። እሱ እውነት የወጣ ነው።

አሁን የያዝኩት ሐሳብ ይሄ ነው። መጀመሪያ በጣም የሚፈለጉት 2,400 መጽሐፍ ብቻ አርኤፍአይዲ ይለጠፍባቸዋል፣ 80 ሰዓት ነው፣ ሁለታችን በአንድ ሳምንት እንጨርሰዋለን። ቀድሞ የሚገዛው በእጅ የሚያዘው አንባቢ ነው። በሩ በሚቀጥለው በጀት። ለእሱም ሲጮህ ምን እንደምንል አንድ ገጽ ጽፌያለሁ፣ የሲልቨር ስፕሪንጉን ዓረፍተ ነገርና የእህታችንን ነገር አስገብቼበታለሁ።

እና መስኮቱ። ጋሼ ካታሎገር "አይተሻል?" ባሉኝ ማግሥት በሕንፃው ኋላ ዞርኩ። ንባብ ክፍሉ ጥግ ላይ ያለው ወንፊት ከታች በኩል ተቆርጧል። መልሰው ስለሚገጥሙት ከውስጥ አይታይም። አንድ ወፍራም መጽሐፍ በደንብ ያሳልፋል፣ ለክቼዋለሁ። ከሥሩ ያለው ሣር ተረግጦ ተረግጦ ቀጭን መንገድ ሠርቷል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዶርም የሚሄድ። በያጁ በግማሽ ቀን ዘጋው።

ጥበቃችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። አላስደነገጣቸውም። "ይሄንንማ ሁለት ዓመት ሆነኝ ከነገርኩ" አሉኝ። ለማን ስላቸው፣ "ለቀድሞው ኃላፊ። በቃል ነው፣ በጽሑፍ አምጣ አሉኝ" አሉ።